የቲን ሐይቅ መርከብ፦ ጥቂቶችን ለብዙዎች ብሎ አሳልፎ መስጠት በጦርነት ልክ ነው?

ፍሬ ነገር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1944 እ.ኤ.አ. የኖርዌይ አርበኞች «ሃይድሮ» የተባለችውን ባቡር ጫኝ መርከብ ቲን ሐይቅ ላይ አሰጠሟት። ጭነቷ ለጀርመን የአቶም ምርምር የሚሄድ ከባድ ውሃ (ሃይድሮጅኑ ከተራው የሚከብድ፣ ለአቶም ሪአክተር የሚያገለግል ውሃ) ነበር። 18 ሰው ሞተ፤ 14ቱ ኖርዌያውያን፣ 4ቱ ጀርመኖች። ተሳፋሪውን ማንም አላስጠነቀቀውም። «14 ሰው ሞቶ ሚሊዮኖች ከአቶም ቦምብ ከዳኑ ሒሳቡ ግልጽ ነው» የሚለው ክርክር አይዋጥልኝም። በዚህ ከሄድን ማንን መግደል ይከለከላል? ሌላ መንገድስ አልነበረም ወይ?

የካርታ ሰው

ሁለተኛውን ጥያቄ ላስቀድም። ሌላ መንገድ ከነበረ የመጀመሪያው ላይ መከራከር አያስፈልግም።

ጭነቱ ከባድ ውሃው ከሚመረትበት ከቬሞርክ ፋብሪካ በባቡር ይወርዳል፤ ፉርጎዎቹ እንዳሉ መርከቧ ላይ ይገባሉ፤ ሐይቁን ተሻግረው እንደገና በሐዲድ ወደ ባሕር ወደብ ይሄዳሉ። ፋብሪካው በፌብሩዋሪ 1943 አንድ ሰው ሳይሞት በኮማንዶ ተመትቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጥበቃው ስለተጠናከረ ያንን መድገም አልተቻለም። ኖቬምበር 16 ቀን 1943 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ደበደቡት። ከ20 በላይ ሲቪሎች ሞቱ፣ የተጠራቀመው ከባድ ውሃ ግን ምድር ቤት ውስጥ ተረፈ። ባቡሩን በጥይት መግጠም ደግሞ የጀርመን ወታደር መግደል ነው፤ በቀሉ የሚወርደው በአካባቢው ሕዝብ ላይ ነው። በ1942 ቴላቮግ በተባለች የኖርዌይ መንደር ውስጥ ሁለት የጌስታፖ (የጀርመን ምስጢር ፖሊስ) ሰዎች ስለተገደሉ መንደሩ ተቃጥሎ ወንዶቹ ወደ ዛክሰንሃውዘን ካምፕ ተጋዙ፤ 31 አልተመለሱም። ጠባቂ ያልቆመባት መርከቧ ብቻ ነበረች።

አሁን ወደ ጥንቃቄው። እሑድ የተመረጠው ተሳፋሪ ስለሚያንስ ነው። የአርበኞቹ መሪ ክኑት ሃውከሊድ አስቀድሞ በመርከቧ ተሳፍሮ ጥልቁ ጋ ለመድረስ የሚወስደውን ደቂቃ ለካ፤ ፈንጂው ለጠዋቱ 4:45 ተሞላ። ቦታው አፍንጫዋ ላይ ነበር፦ ፊቷ ሲሰጥም ከኋላዋ ያሉት መሪውና የሚገፋት ማሽከርከሪያ ከውሃ ይወጣሉ፣ ካፒቴኑም ወደ ዳር ሊያስጠጋት አይችልም። ጥልቀቱ 430 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጀርመኖች የሰጠመውን ማውጣት አልቻሉም፤ የተንሳፈፉ ጥቂት በርሜሎችን ብቻ ለቀሙ። ጭካኔው ያለው እዚሁ ላይ ነው። ዳር እንዳትደርስ የሚያደርገው ፍጥነት ከታች ክፍል ያሉትንም መውጫ ይነሳቸዋል። 29 ሰው ተረፈ፤ ብዙዎቹን ያወጧቸው በጀልባ የደረሱ የሐይቁ ዳር ገበሬዎች ናቸው።

ሚዛን

ፍሬ ነገር፣ ቁጥሩ ብቻውን እንደማይበቃ ልክ ነህ። እኔ የምጠቀምበት መፈተሻ ይህ ነው፦ 14ቱ በሙሉ ዋኝተው ቢወጡ ዕቅዱ ይከሽፍ ነበር? አይከሽፍም፤ ውሃው ሰጥሟል፣ በቃ። ስለዚህ ሞታቸው የታወቀ ጉዳት ነው እንጂ መሣሪያ አይደለም። ቴላቮግ ላይ ግን መንደርተኛው ካልተሠቃየ ማስፈራሪያው አይሠራም፤ ሥቃዩ ራሱ መሣሪያው ነው። ለዚህ ነው ሁለቱ በአንድ ሚዛን የማይቀመጡት።

ከዚህ የሚከብደው የቪ-1 ጉዳይ ነው። በዚያው 1944 ጀርመኖች ወደ ለንደን የሚተኩሷቸው ቪ-1 የተባሉ ያለ አብራሪ የሚበርሩ ቦምቦች በአማካይ ከመሐል ከተማው አጥረው ወደ ደቡብ ይወድቁ ነበር። የእንግሊዝ ደኅንነት ለጀርመን የሚሠሩ በሚመስሉ ድርብ ሰላዮች በኩል «አልፈው ይሄዳሉ» የሚል ወሬ ላከ፣ ጀርመኖቹ ርቀቱን ይበልጥ አሳጥረው ቦምቡ ከመሐል ከተማው እንዲርቅ። የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኸርበርት ሞሪሰን ተቃወሙ፦ ማን እንደሚሞት የመምረጥ ሥልጣን ለመንግሥት ማን ሰጠው? እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ሃውከሊድ የተሳፋሪውን ቁጥር ለመቀነስ ነው የደከመው፤ እዚያ ግን ሞት ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ተዛውሯል።

ፍሬ ነገር

ገባኝ። ግን ጀርመን ቦምብ ልትሠራ አልነበረም እኮ! በ1945 ሃይገርሎህ በተባለች የጀርመን ከተማ የሠሩት ሪአክተር እንኳ 1.5 ቶን ገደማ ከባድ ውሃ ይዞ ሥራ ሳይጀምር ጦርነቱ አለቀ። ታዲያ 14ቱ የሞቱት ለምንድን ነው?

የሕግ መጽሐፍ

ይህ የታወቀው በኋላ ነው። የአጋሮቹ መርማሪዎች የጀርመኖቹን ሰነድ ስትራስቡርግ ላይ ያገኙት በኖቬምበር 1944፣ መርከቧ ከሰጠመች ከዘጠኝ ወር በኋላ ነበር። የሕጉን መስመር ያሰመረው ጉዳይም ከኖርዌይ ነው የመጣው። የጀርመኑ ጄኔራል ሬንዱሊች የሶቪየት ጦር ይከተለኛል ብሎ የሰሜን ኖርዌይን ግዛት ፊንማርክን አቃጠለ፤ የፈራው ጦር ሳይከተለው ቀረ። የኑረምበርግ ችሎት በ1948 ያየው በዚያ ሰዓት የነበረውን መረጃ ነው፤ ከዚያ ክስ ነጻ አወጣው፣ በሌሎች ግን ፈረደበት። አንድ መለኪያ ለጠላት ከሠራ ለአርበኛም ይሠራል።

ስለ ማስጠንቀቂያው፦ የጄኔቫ ስምምነቶች የ1977ቱ ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 57 ሲቪሎችን የሚነካ ጥቃት አስቀድሞ እንዲነገር ያዛል፣ ሁኔታው ካልፈቀደ በቀር። ለተሳፋሪው ቢነገር ፉርጎዎቹ ባልተጫኑ ነበር፤ ስለዚህ ሁኔታው አልፈቀደም ማለት ይቻላል።

ሚዛን

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይቆጠቁጠኛል። ከአርበኞቹ ተባባሪዎች አንዱ ዘዴ ፈጥሮ የገዛ እናቱን ከዚያ ጉዞ አስቀርቷል። ልጅ ነውና አልፈርድበትም። ነገር ግን ምስጢሩ ሳይወጣ አንድ ሰው ማዳን ከተቻለ፣ «ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር» የሚለው መልስ ለሌሎቹ እናቶች ልጆች ሙሉ አይደለም። በሽታ አስመስሎ፣ ቀጠሮ አዛውሮ ሁለት ሦስት ሰው ማስቀረት ይቻል ነበር ወይ? የሕግ መጽሐፍ፣ አንቀጽ 57 ይህን ይነካዋል?

የሕግ መጽሐፍ

ይነካዋል። የሚቻለውን ጥንቃቄ ሁሉ ይላል፤ ለሁሉም መንገር ስላልተቻለ ለጥቂቶች መንገር ቀሪ አይሆንም። እሑድ መምረጣቸው ከዚህ ይቆጠርላቸዋል። የቀረው የሚወሰነው ምስጢሩ ሳይነቃ ስንት ሰው ሊቀር ይችል ነበር በሚለው ነው።