ቲሸርት ሲታጠብ ስፌቱ ዳር ትንንሽ ቀዳዳ ያወጣል፤ ጥፋቱ የመርፌው ነው ወይስ የጨርቁ?

ጥያቄ (ትርንጎ ስፌት)

ሰላም ለሁላችሁ። 200 የኮተን ቲሸርት ትዕዛዝ ይዘናል። ጨርቁ ጥቁር ነጠላ ጀርሲ ሲሆን በካሬ ሜትር 160 ግራም ይመዝናል። ትከሻና ጎኑ በኦቨርሎክ (የጨርቁን ዳር በክር እየጠቀለለ በሚሰፋው ማሽን)፣ የታችና የእጅጌው እጥፋት በፍላትሎክ (እጥፋቱን ጠፍጣፋ አድርጎ በሚሰፋው) ይሰፋል። ከማሽን ሲወጣ ምንም አይታይበትም። ለሙከራ አንዱ ሲታጠብ ግን ትከሻው ላይ፣ ስፌቱን ተከትለው የስፒል ራስ የማያህሉ ቀዳዳዎች ብቅ አሉ። ሳብ ሲደረግ አንዳንዱ ወደ ታች ይተረተራል። ኦቨርሎኩ ላይ ያለው መርፌ 90/14፣ ክሩ 40/2 ፖሊስተር ነው። 60 ያህሉ ተሰፍተዋል። ምክንያቱ ምንድን ነው? የተሰፉትስ ይድናሉ?

መልስ (የማሽን ሐኪም)

እህቴ፣ መስፋቱን አሁኑኑ አቁሙ፤ የቀሩት 140ዎቹ እንኳ ይትረፉ።

ጀርሲ እንደ ሸማ ድርና ማግ የለውም፤ አንድ ክር በዘለበት በዘለበት ተያይዞ የሚሠራ ነው። መርፌው በሁለት ዘለበት መካከል ክሩን ገፋ አድርጎ ቢያልፍ ጉዳት የለውም። ወፍራም ወይም ጫፉ የተጎዳ ሲሆን ግን ክሩን ራሱን ይበጥሳል። የተበጠሰው ዘለበት በስፌቱ ክር ተይዞ ስለሚቆይ በዕለቱ አይታይም። ውሃ ሲነካውና ሲወጠር ነው ሾልኮ የሚወጣውና የሚተረተረው። የናንተ ቀዳዳ ታጥቦ የታየው ለዚህ ነው።

90 ቁጥር ማለት የመርፌው ውፍረት 0.90 ሚሊ ሜትር ነው። 70 ቁጥር ደግሞ 0.70። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል እንጂ 90ው ጨርቁ ላይ የሚከፍተው ቀዳዳ የወለል ስፋት በ65 በመቶ ያህል ይበልጣል። 90 ቁጥር ለጂንስ ነው፤ ለ160 ግራም ጀርሲ ፈጽሞ አይሆንም። 70/10 ግቡ፣ ጫፉም ድቡልቡል ይሁን። የኢንዱስትሪ መርፌ ማሸጊያ ላይ ኤስኢኤስ (SES) ወይም ኤፍኤፍጂ (FFG) የሚል ምልክት ካለ ቀላል ድቡልቡል ጫፍ ማለት ነው፤ ለናንተ የሚሆነው እሱ ነው። ስትገዙ ቁጥሩን ብቻ አትናገሩ፣ የማሽኑን የመርፌ ዓይነትም ተናገሩ። ብዙ ኦቨርሎኮች የሚወስዱት ዲሲ ኤክስ 27 ነው፤ ፍላትሎክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዩዋይ 128 ነው። አሁን ማሽኑ ላይ ያለውን አሮጌ መርፌ ይዞ መሄድ ከሁሉ ይሻላል።

40/2 ክር በ70 መርፌ ዓይን በነፃ ማለፉን እንዲህ ፈትሹ። 30 ሳ.ሜ. ያህል ክር መርፌው ዓይን ውስጥ አስገቡ፣ ክሩን ወጠር አድርጋችሁ ሰያፍ ያዙት። መርፌው በራሱ ተንሸራቶ መውረድ አለበት። ከቆመ ወይ 75/11 ውሰዱ፣ ወይ ክሩን ወደ ቀጭኑ 60/2 ቀይሩ። ለዚህ ጨርቅ እኔ ክሩን ማቅጠኑን እመርጣለሁ።

መልስ (ቆራጩ)

መርፌው ግሎ አቃጥሎት ይሆናል። በደቂቃ 5,000 ስፌት ሲሮጥ መርፌ በጣም ይግላል። ፍጥነቱን ወደ 3,000 አውርዱት፣ ችግሩ ይጠፋል።

መልስ (የማሽን ሐኪም)

ወንድሜ፣ መርፌ መጋሉ እውነት ነው፤ ግን ኮተን አይቀልጥም። ይህ ነገር የሚያጠቃው እንደ ቴትሮን፣ ፖሊስተርና ናይለን ያሉትን ነው። ፖሊስተር ወደ 255 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፣ ናይለን 6 ደግሞ ወደ 220። በሙሉ ፍጥነት ረጅም ቀጥ ያለ ስፌት ላይ የመርፌ ሙቀት እዚያ ሊደርስ ይችላል። የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፉ ሰዎች፣ የሱሪ ጎን ላይ ክር ደጋግሞ ሲበጠስባችሁና መርፌው ዓይን ላይ የሚጣበቅ ነጭ ነገር ስታዩ መንስኤው ይኸው ነው። እዚያ የአንተ ምክር በትክክል ይሠራል፤ ፍጥነት መቀነስ፣ ቀጭን መርፌና ክሩ ላይ ጥቂት የሲሊኮን ዘይት። በደቂቃ 1,000 ስፌት እንኳ በማይደርስ የቤት ማሽን ለሚሰፋ ሰው ግን ሙቀት ብዙም አያሳስብም።

ሁለቱን ለመለየት የስፌቱን ክር አውጥታችሁ ቀዳዳውን በማጉያ መነጽር እዩ። ዳሩ ጭገር ካለው፣ ክሩ እንደተበጠሰ ገመድ ከፈረሰ፣ መርፌው ቆርጦታል። ዳሩ ጠንከር ብሎ የሚያብረቀርቅ፣ በጥፍር ሲነካ የሚሻክር ከሆነ ቀልጧል። እዚህ ጥቁር ኮተን ላይ የመጀመሪያውን እንደምታገኙ አልጠራጠርም። ፍጥነት መቀነስ እዚህም በጥቂቱ ያግዛል፤ ዘለበቱ ገለል ለማለት ጊዜ ያገኛል። 90 ቁጥር መርፌን ግን አያድነውም።

መልስ (ክርና ቀለም)

ስለ መርፌው የተባለው ትክክል ነው። ጨርቁን ግን ማንም አልጠየቀም። ጥቁርና ጥልቅ ቀለም ያለው ኮተን ቀለም ቤት ውስጥ ብዙ ይንገላታል፤ መጨረሻ ላይ በቂ ማለስለሻ ካልተሰጠው ክር ከክር ጋር ይያያዛል። ዘለበቱ ገለል ማለት ሲያቅተው ጥሩ መርፌም ቢሆን ይቆርጠዋል። ማድረቂያ ውስጥ ከመጠን በላይ የደረቀም እንዲሁ ነው። ኮተን በተለመደው አየር 8 በመቶ ያህል እርጥበት ይይዛል፤ እሱን ሲያጣ ይሰባበራል። የበጋው ደረቅ አየር ደግሞ ይጨምርበታል።

ስለዚህ ጥቅሉን ፈትታችሁ፣ ሳትወጥሩ ዘርግታችሁ ከመቁረጣችሁ በፊት 24 ሰዓት አሳርፉት። እጅ ላይ ሻካራና ደረቅ ከሆነ ከቁርጥራጩ ግማሽ ሜትር ውሰዱና በልብስ ማለስለሻ፣ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን፣ አለቅልቃችሁ ጥላ ላይ አድርቁት። ካልታጠበው ጋር አንድ ላይ ስፉና አወዳድሩ። የታጠበው ቀዳዳ ካላወጣ ችግሩ ከጨርቁም ነበር ማለት ነው፤ ሻጩ ጋ ይዛችሁ የምትሄዱት ማስረጃም አገኛችሁ። ገና ያልተቆረጠውን ሁሉ እንዲሁ ብታለቀልቁት ከስፌት በኋላ የሚመጣውን መኮማተርም ይቀንስላችኋል። የተቆረጠውን ግን አትንከሩት፤ ቅርጹን ያጣል።

ጥያቄ (ትርንጎ ስፌት)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በማጉያ ሲታይ ዳሩ ጭገር ያለው ነው። በ70 ድቡልቡል መርፌና በ60/2 ክር 30 ሳ.ሜ. ሰፍተን አጥበን ስንወጥረው በመጀመሪያው ኦቨርሎክ ምንም ቀዳዳ የለም። ሁለተኛው ኦቨርሎክ ግን በተመሳሳይ መርፌና ክር 3 ቀዳዳ አወጣ። ጨርቁ አንድ ነው። ማሽኑ ውስጥ ምን እንፈልግ?

መልስ (የማሽን ሐኪም)

አንድ ዓይነት ጨርቅና መርፌ በሁለት ማሽን የተለያየ ውጤት ከሰጠ፣ መርፌው አዲስ ሆኖ ሳለ ማሽኑ ውስጥ እየተጎዳ ነው። መርፌውን አውጡና ጫፉን አሮጌ የሴት ስቶኪንግ ላይ ቀስ ብላችሁ ጎትቱት። ክር ከያዘ ጫፉ ተጣሞ ጥርስ አውጥቷል።

ጫፉን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ሉፐሩ (የመርፌውን ክር ይዞ የሚያያይዘው ብረት) ነው። ማሽኑን አጥፍታችሁ ጎማውን በእጅ ቀስ እያላችሁ አዙሩ፤ ሉፐሩ ከመርፌው ጀርባ ሲያልፍ ለጥቂት መሳት አለበት እንጂ መግፋት የለበትም። ከኋላ መርፌውን የሚደግፈው ትንሽ ብረትም መርፌውን ወደ ፊት ማጉበጥ የለበትም። ከ90 ወደ 70 ስትወርዱ መርፌው ስለቀጠነ ይህ ርቀት እንደገና መስተካከል አለበት፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ቀጥሎ መርፌው የሚያልፍበትን የብረት ሳህን በጥፍራችሁ ዳሰስ አድርጉ። መርፌ ተሰብሮበት ከሆነ ዳሩ ላይ ጭረት ይኖራል፤ ቀላል ከሆነ በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ጥልቅ ከሆነ ይቀየር።

ቀዳዳው ከስፌቱ መስመር ውጪ፣ በእኩል ርቀት የተደረደረ ከሆነ ደግሞ መርፌውን አትውቀሱ፤ ጨርቁን የሚጎትተው ጥርስ ነው። ለቀጭን ጨርቅ ጥርሱ ከሳህኑ በላይ 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይውጣ፤ ጨርቁን ከላይ የሚጫነውን የማሽኑን እግር ጫናም ጨርቁ ሳይንሸራተት እስኪሄድ ድረስ አላሉት። የስፌቱ ብዛት በሴንቲ ሜትር ከ4 እስከ 5 ይበቃል። ከዚያ በላይ ማድረግ መርፌው የሚወጋበትን ቁጥር ይጨምራል።

መርፌ በየ8 የሥራ ሰዓቱ ይቀየር፤ ስፒል ወይም ዚፕ ከነካ ደግሞ ወዲያውኑ።

መልስ (ቆራጩ)

የተሰፉትን 60 በተመለከተ፣ በየትኛው ማሽን እንደተሰፉ ለዩና ገልብጣችሁ ትከሻውን ሁሉ በሁለት እጅ ወጥሩ። ቀዳዳ የታየበት ካለ የኦቨርሎኩን የመርፌ ክር በየ5 ሳ.ሜ. ቆርጣችሁ ምዘዙት፤ የሉፐሩ ክሮች ራሳቸው ይለቃሉ። በምላጭ አትፍቱት፣ ሌላ ዘለበት ትቆርጣላችሁ። ከዚያ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገብታችሁ በ70 መርፌ ስፉ። ከፊትም ከኋላም ስለሚነሳ ቁመቱ በሁለቱም በኩል 5 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል፤ ልኩን አስቀድማችሁ አስታውሱ። አንድ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያለበትን ግን መፍታት አያስፈልግም፤ ከውስጥ በካውያ የሚለጠፍ ቀጭን ገበር 2 ሳ.ሜ. ስፋት ቆርጦ መለጠፍ ይይዘዋል። ተወጥሮ ምንም ያላሳየውንም ቢሆን ከየማሽኑ 5 5 አንስታችሁ ሳታጥቡ ለደንበኛው አትስጡ።

ጥያቄ (ጥልፍና ጥለት)

ይህ ድቡልቡል ጫፍ ለሐበሻ ቀሚስ፣ ለፈትል ሸማ ይሆናል? ወገቡ ላይ ሁልጊዜ እየሳሳ ይከፈትብናል።

መልስ (ክርና ቀለም)

አይሆንም። ለሸማ መደበኛውን ሹል ጫፍ፣ በ70 ወይም 75 ቁጥር ተጠቀሙ፤ ድቡልቡሉ ድሩን ወዲያና ወዲህ እየገፋ ስፌቱን ያጣምመዋል። የናንተ ችግር ግን ከጀርሲው ይለያል። ፈትል የላላ ሽመና ስለሆነ ክሩ ሳይበጠስ ከስፌቱ ሥር ይንሸራተታል፤ ስለዚህ የሚያዋጣው ከስፌቱ ውጪ የሚተርፈውን ጨርቅ መጨመር ነው። ቢያንስ 1.5 ሳ.ሜ. ተዉለት፣ ዳሩንም በኦቨርሎክ ያዙት። ወገቡ ላይ ከውስጥ 1 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው የኮተን ጥብጣብ አብራችሁ ስፉ፤ መወጠሩን ጥብጣቡ ይሸከማል። ቀሚሱ በጣም የሚጠብ ከሆነ ግን ጥብጣቡም አይችለውም፤ ልኩን 3 ሳ.ሜ. አስፉት።