«ምህዋሩ ተወሰነ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ተርጓሚው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የባሕርን ከፍታ ስለሚለኩ ሳተላይቶች ከሚያወራ ጽሑፍ ይህን አየሁ፦ «የሳተላይቱ ምህዋር በጂፒኤስ ምልክቶች በ2 ሴንቲ ሜትር ትክክለኛነት ተወሰነ።» ምህዋር ሳተላይቱ ምድርን የሚዞርበት መንገድ ነው። ታዲያ በዚህ ሂድ ተብሎ ተደነገገለት ነው ወይስ የሄደበት ታወቀ?

ስንዝር፦
ሁለተኛው። ሳተላይትን በ2 ሴንቲ ሜትር ልክ የሚነዳ የለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የመጠቀው ባሕር ለኪ ሳተላይት ቶፔክስ/ፖሲዶን 1,336 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነበር፤ ሂድ የተባለበት መስመር ምድር ላይ ሲታይ ግራና ቀኝ 1 ኪሎ ሜትር ያወላዳ ነበር። የሄደበት ግን በሴንቲ ሜትር ታወቀ። መታወቅም አለበት፤ ራዳሩ ከሳተላይቱ እስከ ባሕሩ ገጽ ያለውን ይለካል፣ ያ ከሳተላይቱ ከፍታ ሲቀነስ የባሕሩ ከፍታ ይወጣል። ከፍታው በ5 ሴንቲ ሜትር ከተሳሳተ ባሕሩም በ5 ሴንቲ ሜትር ይሳሳታል። «ተሰላ» በሉት።

ሐመሩ ሐ፦
«ተሰላ» አይሆንም፤ እሱን እመለስበታለሁ። አስቀድሞ «ምህዋር» በሃሌታው ሀ መጻፉ ይታረም። ሥሩ ሖረ ነው፣ ሄደ። «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን» ብሎ ዳዊት የደገመ ሰው እንዴት ይስተዋል?

ዖደ፦
መምህር፣ በፊደሉ እስማማለሁ። ግን ሖረ ሄዶ ለቀረም ይባላል። ለሚዞር ነገር ዖደ እያለ፣ ታቦቱ ሲዞር ዑደት እያልን፣ ምሕዋርን ምን አመጣው?

ሐመሩ ሐ፦
ዑደት መዞሩ ነው፣ ምሕዋር መሄጃው። ከሠረቀ ምሥራቅ፣ ከዐረበ ምዕራብ፣ ከሖረ ምሕዋር። መነሻዋ «ም» ስፍራን ታመጣለች።

ስንዝር፦
ዑደት ራሱ ችግር አለበት። ቶፔክስን የተኩት የጄሰን ሳተላይቶች ምድርን እያንዳንዱን ዙር በ112 ደቂቃ 127 ጊዜ ዞረው በ10 ቀን ገደማ ወደ መጀመሪያ ዱካቸው ይመለሱ ነበር። ዑደት የምንለው የቱን ነው? የ112 ደቂቃውን ወይስ የ10 ቀኑን?

ዖደ፦
አንዱን ዙር፣ 10 ቀኑን ዑደት።

ሐመሩ ሐ፦
ዙርም ዑደትም አንድ ትርጉም ናቸው! በምን ሥልጣን ለያየሃቸው?

ወሰንተኛ፦
እኔ «ተወሰነ»ን እደግፋለሁ፣ ምክንያቴም ከአሠራሩ ነው። የጂፒኤስ አንዱ ሞገድ ርዝመቱ 19 ሴንቲ ሜትር ነው። ሳተላይቱ ላይ ያለው መቀበያ በአንዱ ሞገድ ውስጥ የት ላይ እንዳለ በሚሊ ሜትር ያውቃል፤ በእሱና በጂፒኤስ ሳተላይቱ መካከል ስንት ሙሉ ሞገድ እንዳለ ግን አያውቅም። ያ ቁጥር በስሌት ይፈለጋል፤ ምልክቱ ከተቋረጠ ቆጠራው እንደገና ይጀመራል። ከላይኛው አየር የሚመጣውን መዘግየት ለማስወገድ ሁለቱ የጂፒኤስ ሞገዶች፣ ባለ 1575.42 እና ባለ 1227.60 ሜጋኸርዝ፣ ይጣመራሉ፤ ዋጋው የልኬቱ ሁከት፣ ማለትም መዋዠቁ፣ 3 እጥፍ ያህል ማደጉ ነው። ስለዚህ ልኬቱ ብቻውን አይበቃም። በሌላ በኩል የምድር ስበት፣ የፀሐይ ብርሃን ግፊትና የአየር ሰበቃ ሳተላይቱ የት ሊሄድ እንደሚችል ይናገራሉ፤ እነሱም ብቻቸውን ከሰዓት ወደ ሰዓት ይስታሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ግን መንገዱን ግራና ቀኝ ያጥሩታል። ወሰን ማለት ይኸው አይደለም?

ሐመሩ ሐ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ወሰነ፣ ወሰን አበጀ። እኔም እመለስበታለሁ ያልሁት ይህንኑ ነበር።

ስንዝር፦
ማጠሩን ተቀብያለሁ፤ ግን አጥር በሰው መሬት ላይም ይቆማል። ልኬቱ የሚደርሰው አንቴናው ጋ ነው፣ ኃይላቱ የሚነግሩን ስለ ሳተላይቱ የክብደት ማዕከል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከመምጠቁ በፊት ይለካል፣ ነዳጅ ሲያልቅም ማዕከሉ ይንሸራተታል። ያ ካልታረመ ስሌቱ ከራሱ ጋር እየተስማማ ይሳሳታል። ከምድር በሌዘር ርቀቱን ለብቻው የሚያመሳክሩት ለዚህ ነው። ስለዚህ እኔን የሚቆረቁረኝ «ትክክለኛነት» የሚለው ነው። ተደጋግሞ መስማማትና እውነቱን መምታት አንድ ቃል አይሸከማቸውም።

ዖደ፦
ለመጀመሪያው «ጥንቃቄ»?

ሐመሩ ሐ፦
ጥንቃቄ የሰው ጠባይ ነው፣ የቁጥር አይደለም። «ርቱዕ» ለሁለተኛው ይሁን፤ ለመጀመሪያው ጊዜ ስጡኝ።

ተርጓሚው፦
ታዲያ «ተወሰነ» ይቆይ ወይስ ይውጣ?

ሐመሩ ሐ፦
መጀመሪያ ምሕዋርን በሐመሩ ሐ ያርሙት።