በአልጌ ለተሸፈነ ኩሬ የገብስ ገለባ ይረዳል?

ጥያቄ (ከመራዊ አካባቢ)፦
ጤና ይስጥልኝ። 12 በ12 ሜትር የሆነ፣ ፕላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ አለኝ፤ ክረምት የሚሞላው ከበቆሎ ማሳዬና ከበረቱ ደጅ በሚወርደው ጎርፍ ነው። ከጥቅምት ወዲህ ውሃው አልጌ በሚሉት ጥቃቅን የውሃ ዕፅ አረንጓዴ ሆኗል፤ ያስገባኋቸው የቆሮሶ ዓሣዎችም ጎሕ ሲቀድ ከውሃው ገጽ ላይ አፋቸውን ይከፍታሉ። ጎረቤቶቼ «አመድ በትንበት» ይሉኛል፤ የገብስ ገለባ ያጠራል ሲባልም ሰምቻለሁ። የቱን ላድርግ?

መልስ (ከደብረ ማርቆስ)፦
አመዱን ይተዉት፤ ራሱ አልጌን የሚመግብ ፎስፈረስ አለው፣ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከፍ በማድረግም ከዓሣና ከከብት ቆሻሻ የሚመጣውን አሞኒያ ለዓሣ ይበልጥ መርዛማ ያደርገዋል። ገለባው ሲበሰብስ የሚለቃቸው ነገሮች አዲስ አልጌ እንዳያድግ ይገታሉ እንጂ ያለውን አይገድሉም፤ ውጤቱም ሳምንታት ይፈልጋል። ለካሬ ሜትር 25 ግራም፣ ለእርስዎ ኩሬ ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ይበቃል። በሽንኩርት መረብ ከረጢት ሳይጠቀጠቅ ላላ ብሎ ይሞላና ባዶ ሃይላንድ ታስሮበት ከገጹ ሳይርቅ ይንሳፈፍ።

መልስ (ከባሕር ዳር፣ ዓሣ አርቢ)፦
በገለባው እስማማለሁ፤ ጊዜው ግን አሁን አይደለም። አልጌው ሌሊት ኦክስጅን ስለሚጠቀም ዓሣዎቹ ንጋት ላይ ይታፈናሉ፤ የሚበሰብስ ገለባ ሲጨመርበት ደግሞ ይብስባቸዋል። መጀመሪያ ገጹ ላይ የተንሳፈፈውን አልጌ በወንፊት ይግፈፉ፤ ከውሃው ከፊሉን ሽንኩርት ያጠጡበትና በንጹሕ ውሃ ይተኩት፤ የበረቱንም ጎርፍ በቦይ ያስቀይሱ። አልጌውን የሚመግበው ነገር ከምንጩ ካልተዘጋ በየዓመቱ ገለባ መሸከም ነው ትርፉ።

ከማሳው ለሚመጣው ጎርፍ መግቢያው ላይ ጉድጓድ ይቆፍሩ፤ ፎስፈረስ አብዛኛውን ጊዜ ከአፈር ጋር ተጣብቆ ስለሚመጣ ደለሉ እዚያ ይቀራል፣ በበጋም ተዝቆ ወደ ማሳው ይመለሳል። ከጉድጓዱ ቀጥሎ ባለው ቦይ የእንጨት ፍላጭ (ትንንሽ ቁርጥራጭ) ቢሞሉበትና ውሃው ቀስ ብሎ እንዲያልፍበት ቢያደርጉ፣ አየር በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች እንደ ፎስፈረሱ አልጌን የሚመግበውን ናይትሬት ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጡታል። ሰጋቱራ አይጠቀሙ፣ ይደፈናል፤ መጀመሪያ የሚወጣውን ቡናማ ውሃም ወደ ኩሬው አያስገቡ።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ባለቤቴ ምግብ ቤት ስላላት የእንቁላል ቅርፊት ይተርፋታል፤ ይጠቅማል? ከብቶቹስ ከኩሬው ቢጠጡ?

መልስ (ከደብረ ማርቆስ)፦
በቅርፊቱ ያለው ካልሲየም ፎስፈረስን ይይዛል፤ ሳይቃጠል ግን አቅሙ ደካማ ነው፣ ተቃጥሎ ኖራ ከሆነ ደግሞ ዓሣውን ይጎዳል። ወቅጠው በደለል ጉድጓዱ ማለፊያ ላይ ቢያነጥፉት ጉዳት የለውም፤ ብዙ ግን አይጠብቁ። ከብቶቹን በተመለከተ፣ ገጹ ላይ የፈሰሰ ቀለም የሚመስል ሽፋን ካዩ ፈጽሞ እንዳይጠጡ ይከልክሉ፤ እንዲህ ያለው አልጌ ከብት የሚገድል መርዝ ሊኖረው ይችላል።