ሳተላይትን ያለ ነዳጅ በማግኔት ብቻ ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል?

የፖሊ ልጅ፦
ሰላም ጓዶች፣ ባህር ዳር ነኝ፣ ኤሌክትሪካል ተመራቂ። ለፕሮጀክት ሳተላይት በኮይል ብቻ ምህዋሩን እንዲቀይር ማድረግ የሚል ሐሳብ ይዤ ነበር፣ ምክንያቱም ትንንሾቹ ሳተላይቶች ላይ ማግኔቶርከር የሚባል ኮይል (የተጠመጠመ ሽቦ) አለ፣ ከረንት ስትለቅበት ከምድር ማግኔት ጋር ተሳስቦ ሳተላይቱን ያዞረዋል፣ ነዳጅ የለ ምን የለ። ታዲያ ማዞር ከቻለ መግፋት ምን ያቅተዋል? አማካሪዬ "አይሆንም" ብሎኝ ስብሰባ ገባ 😅 የገባው ካለ በናታችሁ።

ሽቦ፦
አይሆንም ያለህ ልክ ነው። ኮይል ዞሮ የሚገጥም ሽቦ ነው፣ አንዱ ጎን ወደ ምሥራቅ ሲገፋ ሌላው ወደ ምዕራብ ይገፋል፣ ተጣፍተው የሚቀርልህ መጠምዘዝ ብቻ። የምትፈልገው ሳተላይቱ ላይ የማይገጥም ሽቦ ነው፣ ቴተር ይሉታል፣ ረጅም ሽቦ ቁልቁል ትለቅና ከረንቱ በሽቦው ሄዶ በአዮኖስፌር ፕላዝማ (እዚያ ከፍታ ላይ ባለው ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፈው ስስ ጋዝ) በኩል ይመለሳል፣ ያኔ ሽቦው ላይ ያለውን ግፊት የሚያጣፋብህ የለም። ሂሳቡ ከረንት ሲባዛ ርዝመት ሲባዛ ፊልድ (የምድር ማግኔት ጥንካሬ) ነው፦ 1 አምፔር፣ 20 ኪሎሜትር፣ 30 ማይክሮቴስላ ብትል 0.6 ኒውተን። ትስቅ ይሆናል፣ ግን ነዳጅ አለቀ ብሎ አይቆምም።

ቀበሌ 14፦
ኧረ ባክህ፣ ከምንም ተነስቶ መግፋት? ይሄ ያ ዩቲዩብ ላይ ያለው "ነፃ ኢነርጂ" ነገር ነው።

ሽቦ፦
@ቀበሌ 14 ከምንም አይደለም። ታንኳ ላይ ያለ ሰው ውሃውን እንደሚገፋው ይሄም በማግኔቱ በኩል ምድርን ነው የሚገፋት። ኢነርጂውም ይከፈላል፦ ስትወርድ ሽቦው ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ለመውጣት ግን ከሶላር ፓኔል ቮልት ሰጥተህ ከረንቱን በግድ መገልበጥ አለብህ። በፈረንጅ 1993 ናሳ 500 ሜትር ሽቦ ዘርግቶ ከረንቱ በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚሄድ አሳይቷል።

ደንገል፦
ወሬው ጥሩ ነው ግን ሽቦው እንደሚያስቸግርም ንገሩት እንጂ። በፈረንጅ 1996 ከኮሎምቢያ መንኮራኩር ላይ የጣሊያን ሳተላይት በሽቦ አንጠልጥለው ለቀቁት፣ 20.7 ኪሎሜትር ሊደርስ ታስቦ 19.7 ላይ ሲደርስ ተበጠሰ፣ 3,500 ቮልት አካባቢ ነበረበት፣ ኢንሱሌሽኑ ላይ በነበረች ቀዳዳ ብልጭታ ወጥቶ ነው ያቃጠለው። ጃፓኖችም በፈረንጅ 2017 ላይ 700 ሜትር ሊዘረጉ ሞክረው ጭራሽ አልወጣላቸውም።

ሌላው ማንም ያላነሳው የምህዋሩ አቅጣጫ ነው። እኛ ማግኔቲክ ኢኩዌተር (የምድር ማግኔት ፊልድ ጠፍጣፋ የሚሆንበት መስመር) አጠገብ ነን፣ እዚህ ባህር ዳር የማግኔት መርፌ በክር ብታንጠለጥል ወደ ሰሜን ጠቁሞ ጠፍጣፋ ሊተኛ ምንም አይቀረው። ስለዚህ በላያችን ወደ ምሥራቅ የሚበር ሳተላይት ሽቦው ቁልቁል ከሆነ ግፊቱ በቀጥታ በጉዞው መስመር ላይ ነው፣ ከረንቱ ወደ ላይ ሲሄድ ፍሬን፣ ወደ ታች ሲሄድ ነዳጅ መስጫ። ግን እንደ ኢቲአርኤስኤስ-1 (በፈረንጅ 2019 ከቻይና የተተኮሰችው የኛዋ) በዋልታዎች በኩል የምታልፍ ከሆነ ያው ግፊት ወደ ጎን ይሆንብሃል፣ ዋልታ ጋ ስትደርስ ደግሞ ፊልዱ ከሽቦው ጋር አንድ አቅጣጫ ይሆንና ምንም የለም ማለት ይቻላል።

የፖሊ ልጅ፦
ዋው እህቴ ይሄን ማንም አልነገረኝም። እንግዲያው ኮይሉን ልተወውና ያው ሽቦ በዝቅተኛ ኢንክሊኔሽን (ምህዋሩ ከምድር ወገብ ብዙ ሳያዘነብል) እና በዋልታ በኩል በሚያልፈው በ98 ዲግሪ ስንት ጊዜ ፈጅቶ ሳተላይቱን እንደሚያወርድ ላወዳድር?

ደንገል፦
አዎ እሱ ያዋጣሃል። ፊልዱን አይጂአርኤፍ ከሚባለው የምድር ማግኔት ሞዴል ውሰድ፣ ነፃ ነው፣ ፓይተን ላይም አለ። የፕላዝማውን መጠን ግን ቋሚ ቁጥር አድርገህ እንዳትሞላ፣ ማታ ማታ በጣም ስለሚወርድ ከረንቱም አብሮ ይወርዳል፣ ዲፌንስ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው የሚሆነው።

ቀበሌ 14፦
እሺ ነፃ ኢነርጂውን አንስቻለሁ 😂