ኦብፈስኬሽንን በአማርኛ ምን ልበለው?

ስለ ሶፍትዌር ደህንነት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። ጥሩ እየሄደልኝ ነበር፤ «ኦብፈስኬሽን» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ይኸው ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

ቃሉ ጽሑፉ ውስጥ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ስለ ንግግር ነው፤ ሰው ጥያቄ ሲቀርብለት ሆን ብሎ ነገሩን በረጃጅም ዓረፍተ ነገር ሲያጨልመው። ከላቲን የመጣው ሥሩም «ማጨለም» ማለት ነው። ለዚህ «ማድበስበስ» ብዬ ተገላገልኩ።

ያስቸገረኝ ሁለተኛው ነው። ፕሮግራመሩ ኮዱን ሌላ ሰው አንብቦ እንዳይረዳው ያደርገዋል። «ጠቅላላ ዋጋ» ተብሎ የተሰየመው ነገር «ሀ1» ይባላል፣ ማብራሪያዎች ይሰረዛሉ፣ ምንም የማይሠሩ መስመሮች ይጨመራሉ። ፕሮግራሙ ግን እንደ በፊቱ ይሠራል።

መጀመሪያ «ምስጠራ» አልኩት። አይሆንም፤ የተመሰጠረ ነገር ያለ ቁልፍ አይከፈትም፣ ይሄኛውን ግን ኮምፒውተሩ እንዳለ ያስኬደዋል። «ማድበስበስ» ስለው ፕሮግራመሩን ሥራውን የዘለለ ሰነፍ አስመሰለው። «ማወሳሰብ» ደግሞ ሆን ተብሎ መደረጉን አይናገርም፤ ሳይታሰብ የተወሳሰበ ኮድማ ሞልቷል፣ የእኔን ጨምሮ። «ሰምና ወርቅ» እንኳ ውልብ ብሎብኝ ነበር፤ ግን እዚያ ገጣሚው የሚፈልገው ወርቁ እንዲገኝለት ነው።

ለሁለቱም የሚሆን አንድ ቃል አልጠብቅም። ለኮዱ ብቻ፣ ሆን ተብሎ መደረጉን የሚያሳይ፣ በግሥም በስምም ሲገባ የማይጎረብጥ ምን ቃል ልጠቀም?