በሚያዝያ መባቻ ዋርብለሮችን ፍለጋ፦ ዘጌ ወይስ የዓባይ መውጫ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የምኖር መምህር ነኝ። በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ መጀመሪያ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር አንድ ቅዳሜ ሙሉ ወፍ ስንመለከት ለመዋል አስበናል። የምንፈልጋቸው ዋርብለር የሚባሉትን፣ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው እኛ ዘንድ ከርመው በዚህ ወቅት ወደ ሰሜን የሚመለሱትን ጥቃቅን ነፍሳት በል ወፎች ነው፤ ባስራ ሪድ ዋርብለር የተባለውን ብርቅ ወፍ ብናይማ ደስታችን ወሰን አይኖረውም። ጧቱን በዘጌ የቡና ደን እናሳልፈው ወይስ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት የደንገል ዳርቻ? ያለን አንድ አቅራቢ መነጽር ብቻ ነው። አምና ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ዘጌ ደርሰን፣ ቅጠል ሲወዛወዝ እንጂ ወፍ ሳናይ ተመልሰናል።

የመጀመሪያ መልስ፦
መምህር፣ ጧቱን ለደንገሉ ይስጡት። ወደ ዘጌ በጀልባ ሲሄዱ ዋነኛው ሰዓት መንገድ ላይ ያልቅብዎታል፤ ደንገሉ ዳር ግን 12 ሰዓት ተኩል ላይ መገኘት ትችላላችሁ። ነፋስ ከተነሣ በኋላ ደንገሉ በሙሉ ስለሚወዛወዝ ወፉ ያለበትን ዘንግ መለየት አይቻልም። አንድ ክፍት ቦታ መርጣችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳትንቀሳቀሱ ቁሙ፤ መጀመሪያ የምትሰሙት ድምፁን ነው፣ ቀጥሎ ወፉ ከዘንጉ ሥር ጀምሮ ነፍሳት እየለቀመ ወደ ላይ ሲወጣ ታዩታላችሁ። ከዓይኑ በላይ ነጣ ያለ ሰፊ መስመር ያለው፣ ጀርባው ዝንጉርጉር ከሆነ ሴጅ ዋርብለር ነው። ወደ ውሃው ከመጠጋታችሁ በፊት ግን የታንኳ ቀዛፊዎችን ስለ ጉማሬ ጠይቁ፤ ሌሊቱን ሣር ሲግጥ አድሮ ወደ ውሃ የሚመለሰው በዚያው ሰዓት ነውና።

ሁለተኛ መልስ፦
ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ስለ ባስራው ግን አደራ ልበል። ይህ ወፍ በዋነኛነት የሚራባው በደቡብ ኢራቅ ረግረጎች ሲሆን፣ እነዚያ ረግረጎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ ሆን ተብሎ እንዲደርቁ በመደረጋቸው መራቢያውን አጥቶ ቁጥሩ ክፉኛ ተመናምኗል፤ ከ2003 በኋላ ውሃው የተመለሰው በከፊል ነው። መልኩም ያሳስታል። ዓመቱን ሙሉ ከደንገል የማይለየው ሌሰር ስዋምፕ ዋርብለርም፣ 30 ግራም ገደማ የሚመዝነው ግሬት ሪድ ዋርብለርም ሁሉም ዝንጉርጉር የሌለባቸው ቡናማ ወፎች ናቸው። ባስራው ከግሬት ሪድ ያነሰ፣ ምንቃሩ ረጅምና ቀጭን፣ ሆዱም ነጣ ያለ ነው። ስለዚህ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ሳትይዙ ስሙን በማስታወሻችሁ ላይ አትጻፉ።

ሦስተኛ መልስ፦
እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ወፎቹን ለመጥራት ብላችሁ የተቀዳ የወፍ ድምፅ በስልክ አታጫውቱ። ከሁለት ዓመት በፊት እኔው ራሴ አድርጌዋለሁ። አንድ ዊሎው ዋርብለር ከሾላ ቅርንጫፍ ወርዶ፣ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት ከራሴ በላይ እየተመላለሰ ሲፈልግ ቆየ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዲት ነፍሳት እንኳ አልለቀመም። 10 ግራም ገደማ የምትመዝን ወፍ በረሃና ባሕር አቋርጣ የምትሄደው በእነዚህ ሳምንታት በምታጠራቅመው ስብ ነው፤ ያን ጧት እኔ ቀማኋት፣ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

ዘጌን ደግሞ ከሰዓት በኋላ፣ ከ9 ሰዓት ወዲህ ሂዱበት። ከቡናው በላይ ባሉት የጥላ ዛፎች ላይ ዊሎው ዋርብለርና እሱን የሚመስለው ቺፍቻፍ የተባለ ዋርብለር አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ ቺፍቻፉ እግሩ ጥቁር ነው፣ ጅራቱንም ደጋግሞ ወደ ታች ይነቀንቃል፣ የዊሎው እግር ግን ፈዘዝ ያለ ነው።

ከጠያቂው፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጧት ደንገሉ ዳር፣ ከሰዓት ዘጌ እንሆናለን፤ መነጽሩን በየሩብ ሰዓቱ እንቀባበላለን፣ ስልኮቻችንም ከቦርሳ አይወጡም። ባልደረባዬ ጥሩ ካሜራ ካለው ወንድሙ እንዲዋስ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ።