ፊገሮች መደርደሪያ ላይ እንዳይወድቁና እንዳይበላሹ ምን ይደረግ? (ጅማ)

ፈረንጅ_አራዳ_12
ሰላም ለሁላችሁ። 15 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ 32 አክሽን ፊገሮች (መገጣጠሚያቸው የሚታጠፍ የፕላስቲክ ገጸ ባሕርያት) እና ጨርቅ የለበሱ ባለ 30 ሳንቲ ሜትር 4 አሉኝ። መደርደሪያው 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 30 ስፋት ያለው ባለ 5 ሚሊ መስታወት ነው፤ ጫፍና ጫፉ ላይ በሁለት ኤል ብረት ተይዟል። ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። ከሥሩ ያለው ደረጃ ዘይት ቀለም የተቀባ ጣውላ ነው። ችግሮቹ እነዚህ ናቸው፦ በር በተዘጋ ቁጥር አንዱ ይወድቅና ጎረቤቶቹን ይዞ ይሄዳል። ጣውላው ላይ ያሉት እግራቸው ከቀለሙ ጋር ተጣብቋል። ሁለቱ ከቁርጭምጭሚታቸው ወደ ፊት ዘመዋል። አንዳንዱን ሲነኩት እጅ ላይ ይጣበቃል። በሱፐር ግሉ ባጣብቃቸውስ? ባለ መስታወት ዝግ ቁም ሳጥን ላሠራም አስቤያለሁ።

ጂረን_ሞዴል
ሱፐር ግሉን እርሳው ወንድሜ። ሲደርቅ የሚወጣው ትነት ዙሪያውን ዱቄት እንደነሰነሱበት ነጭ ያደርገዋል፤ እርጥብ አየር ላይ ደግሞ ይብሳል። በኋላ ላንሳው ስትል ቀድሞ የሚሰበረው የቁርጭምጭሚቱ ፒን ነው፣ ሙጫው ንቅንቅ አይልም።

ከፊገሮቹ በፊት መደርደሪያውን አስተካክል። ያ መስታወት ባዶውን 4.5 ኪሎ ይመዝናል። አንዱን ፊገር 200 ግራም ብለን ብንይዝ 20 ስትደረድር 4 ኪሎ ጨመርክበት። ድጋፉ ጫፍና ጫፍ ብቻ ስለሆነ መሃሉ ይረግባል፤ ሲረግብ በግራም በቀኝም ያሉት ወደ መሃል ያዘነብላሉ። በር ሲዘጋ ደግሞ መስታወቱ እንደ ከበሮ ይነዝራል። ሦስተኛ ኤል ብረት ጨምርና ድጋፎቹን ከአንዱ ጫፍ ለክተህ 20፣ 60 እና 100 ሳንቲ ሜትር ላይ አድርጋቸው። ሦስቱም በውሃ ልክ ይስተካከሉ። የመሃሉ 2 ሚሊ እንኳ ከፍ ካለ መስታወቱ እሱ ላይ ተቀምጦ ይወዛወዛል። በብረቱና በመስታወቱ መካከል ስስ የሱፍ ጨርቅ ጣልበት። አዲስ ካስቆረጥክ ግን ባለ 6 ሚሊ፣ ጠርዙ የተሞረደ ይሁን።

ጭቃ ግድግዳ ላይ ፊሸር (ቪስ የሚገባበት የፕላስቲክ ማጥበቂያ) አይይዝም፣ ትንሽ ቆይቶ ከነአፈሩ ይወጣል። ቪሱ ቋሚው እንጨት ውስጥ መግባት አለበት። ግድግዳውን አንኳኩተህ ድምፁ ደፈን የሚልበትን ፈልግ፤ ከዚያ በቀጭን ሚስማር ፈትሽ። ልስኑንና ጭቃውን አልፎ ጠንከር ካለብህ እንጨቱን አገኘኸው፤ 8 ሳንቲ ሜትር የእንጨት ቪስ አስገባበት። እንጨቱ ጠማማ ነውና ላይ ያገኘኸው ታች በዚያው መስመር አይጠብቅህም፣ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ለየብቻ ፈትሽ። እንጨቱ 20፣ 60 እና 100 ላይ ካልተገኘ ሁለት ሦስት ቋሚዎችን የሚይዝ ወፍራም አግዳሚ ጣውላ መጀመሪያ ምታና ኤል ብረቱን በእሱ ላይ እሰር። ይህም ካልሆነ መሬት ላይ የሚቆም የቱቦላሬ መደርደሪያ አሠራ፤ ከላይ አንድ ቦታ ብቻ ከግድግዳው ጋር ይያዝ።

ሄርማታ_ሰም
ለማያያዝ የንብ ሰም በቂ ነው። ውጭ አገር ለዚሁ ሥራ የሚሸጡት የሙዚየም ሰም አለ፤ እኛ ጋ ግን ንጹሑ ሰም በቅርብ ይገኛል። በጣትህ አሽተህ አለስልሰውና ምስር የምታህል ቁንጣሪ በእያንዳንዱ እግር ሥር፣ ወደ ተረከዙ ጠጋ አድርገህ ለጥፍ። ከዚያ ፊገሩን ወደ መስታወቱ ጫን እያልክ ትንሽ አዙረው። ስታነሳው ወደ ላይ አትጎትት፤ ቁርጭምጭሚቱን ይዘህ ወደ ጎን አዙረው፣ ይለቃል።

ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ ከጠጅ ቤት የሚወጣው ሰፈፍ እንዳለ አይሆንም። በውስጡ የቀረው ማር በአንድ ቀን ጉንዳን ይጠራል። ውሃ ውስጥ አፍልተህ፣ በጨርቅ አጥልለህ፣ ከላይ የረጋውን ብቻ ውሰድ። ሁለተኛ፣ ሰም ለመስታወት ነው፤ ባዶ እንጨት ውስጥ ይሰርጋል፣ ምልክቱም አይለቅም።

የጎማና የፕላስቲክ መደርደሪያ ምንጣፍ፣ ያ ወንፊት መሳዩ፣ ሥራችሁን ያቃልላል ብላችሁ እንዳትገዙት። ከፊገሩ ፕላስቲክ ጋር ይዋሃድና ንድፉን እግሩ ላይ አትሞ ይተዋል።

ጂረን_ሞዴል
ሰሙ ለቆመ ፊገር ጥሩ ነው፣ አንድ እግሩን አንሥቶ ለሚሮጠው ግን አይበቃም። ለእሱ ከባለ 2.5 ካሬ ሚሊ የኤሌክትሪክ ሽቦ መቆሚያ ይሠራል። 40 ሳንቲ ሜትር ቁረጥና የላይኛውን ፕላስቲክ ሙሉ በሙሉ ላጠው፤ ልባሱም ለስላሳ ፕላስቲክ ስለሆነ ፊገሩ ላይ ይጣበቃል። ግማሹን 6 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጠመዝማዛ አድርገህ መሬት አስይዘው፣ ቀሪውን ወደ ላይ አቁመህ ጫፉን ወገቡን ሁለት ሦስተኛ እንዲያቅፍ እጠፈው። ፊገሩን የሚነካውን ክፍል የቧንቧ ሠራተኞች በሚጠቀሙበት ነጭ የቴፍሎን ቴፕ ሦስት ዙር ጠቅልል። ቴፍሎን ከቀለምም ከፕላስቲክም ጋር ጠብ የለውም። የላላ መገጣጠሚያ ካለም ፒኑን አውጥተህ ይህንኑ ቴፕ አንድ ዙር ጠቅልለህ መልሰው።

አቋቋሙንም እይ። ከጎን ሆነህ ቀጭን ክር ላይ ትንሽ ብሎን እሰርና እንደ ቱንቢ ከደረቱ አንጻር ልቀቀው። ክሩ በተረከዝና በጣቶቹ መካከል ካልወረደ በሰምም ቢሆን አይቆምም። አንዱን እግር ትንሽ ወደ ኋላ፣ ጉልበቱን ትንሽ አጠፍ አድርግ።

ቦሳ_ኪቶ
ስለ መጣበቁና ስለ መዝመሙ። ፊገሮቹ የሚሠሩበት ለስላሳ ፕላስቲክ፣ ፒቪሲ፣ ውስጥ እንዲለሰልስ የሚጨመር፣ ፕላስቲሳይዘር የሚሉት ዘይት መሰል ነገር አለ። ጊዜ ሲያገኝ ወደ ላይ ይወጣል፤ እጅ ላይ የሚይዘው እሱ ነው። የጣውላህን ዘይት ቀለም ያለሰለሰውም እሱ ነው።

የሚያጣብቁትን ለብ ባለ ውሃና ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ በለስላሳ ብሩሽ እጠብ፣ አለቅልቅ፣ ጥላ ላይ አንድ ቀን አድርቅ። ከወራት በኋላ ይመለስ ይሆናል፣ ደግመህ ታጥባለህ። አልኮልም አሴቶንም ቤንዚንም አይንካው፣ ቀለሙን ይዞ ይሄዳል።

የዘመመውን ደግሞ ፈልቶ ከእሳት የወረደ ውሃ ውስጥ ቁርጭምጭሚቱን ብቻ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ንከር። ጅማ ከፍታዋ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ለፒቪሲ ከበቂ በላይ ነው። ሲለሰልስ ከምትፈልገው ትንሽ አሳልፈህ ወደ ኋላ አጥፈህ ያዘው፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 2 ደቂቃ አቆየው። በሙጫ የተያያዘ ክፍል ካለ ሊለቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለ ወገብ ድጋፍ አታቁመው፤ ክብደቱ እዚያው ቁርጭምጭሚት ላይ ካረፈ እንደገና ይዘማል።

አጂፕ_አልሙኒየም
ቁም ሳጥኑን አሠራ፣ ግን እንደ ጣሳ አታሽገው። ያ ዘይት መሰል ነገር መውጫ ካጣ እዚያው ይጠራቀምና ሁሉም ይጣበቃሉ። ከታች ሁለት፣ ከላይ ሁለት፣ 2 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ አስበሳና በስስ የወባ አጎበር ጨርቅ ሸፍን። ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ እንክብል) የሚመክሩህ ይኖራሉ፤ በሚናፈስ ሳጥን ውስጥ፣ በዚህ ከተማ ክረምት፣ ዓባይን በጭልፋ ነው። ሲሊካው የሚጠቅመው ከፊገሩ ወልቀው በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ለሚቀመጡ የጨርቅ ልብሶች ነው።

መስታወት የሚያያዝበት ሲሊኮን አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ከሆነ ሽታው እስኪጠፋ በሩን ከፍተህ ቢያንስ አንድ ሳምንት ጠብቅ። የሚወጣው አሲድ የብረት ክፍሎችን ያበላሻል። የውስጡ ጀርባ ቺፕውድ አይሁን፣ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል። ዋንዛ ካገኘህ ጥሩ ነው፣ ግን ቫርኒሹ ጠረኑን እስኪጨርስ ፊገር አታስገባ። ሳጥኑን ከግድግዳው 5 ሳንቲ ሜትር አርቅ፤ ሻጋታው ከጭቃው ነው የሚጀምረው።

ባለ 30ዎቹ ላይ የቆዳ መሳይ ጃኬት ካለ እሱን መላጥ ማስቆም አይቻልም፤ እርጥበት ያፈጥነዋል፣ ደረቅ አየር ያዘገየዋል እንጂ። አጥፈህ አታስቀምጠው፣ መሰንጠቅ የሚጀምረው እጥፋቱ ላይ ነው። የአዝራር ባትሪ ያላቸው ካሉም ባትሪውን አውጣ።

ደግሞ ቡና የሚቆላበት ክፍል ውስጥ አታድርገው። የቡናው ጢስና ዕጣኑ የሚያሳርፉት ስስ ቅባት አቧራውን ይዞ ያስቀረዋል፣ በብሩሽ አይነሳም። ክፍሉ አንድ ብቻ ከሆነ ከረከቦቱ ተቃራኒ ጥግ፣ መስኮትም የማይመታው ቦታ። ፀሐይ ነጩን ፕላስቲክ ቢጫ ታደርገዋለች።

ፈረንጅ_አራዳ_12
እግዜር ይስጥልኝ። የተጣበቁትን ከጣውላው ሳልሰብር እንዴት ላንሳቸው?

ቦሳ_ኪቶ
አትንቀል። የዓሣ ማጥመጃ ክር 30 ሳንቲ ሜትር ወስደህ ሁለቱን ጫፍ ያዝ፣ በእግሩ ሥር አስገባና እንደ መጋዝ ወዲህ ወዲያ አድርግ። ሌላ ሰው ፊገሩን ከእግሩ ይያዝልህ። ከላይ ከተያዘ ጉልበቱ ይሰበራል። እግሩ ሥር የሚቀረው ቀለም ከማይታይበት ቦታ ስለሆነ ተወው፣ ልቅረፈው ብለህ በቢላዋ አትጀምር። ጣውላውን ደግሞ ቀለም ደግመህ አትቀባ፤ ልኩ የተቆረጠ ባለ 3 ሚሊ መስታወት ላዩ ላይ አንጥፍበትና ሰሙ እዚያ ላይ ይለጠፍ።